አውሮፕላን ሳልሳፈር ያሳፈርኳቸው መንገደኞች

ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ጤና ጣቢያው ሸኝቶኛል፣ ጋቢ አልብሶኛል፣ ንግግርም ተደርጎልኛል። የከሚሴ ሰው ግን ጡረታ መውጣቴን እስካሁን አልተቀበለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ፓስፖርቱን በኪሱ ይዞ ቤቴ ድረስ መጣ። «ሲስተር፣ ልጄ ሪያድ ልትወስደኝ ነው። አውሮፕላኑ ሲነሳ ጆሮ ይበሳል የሚሉት እውነት ነው?» አለኝ። ቁጭ አድርጌ ጆሮውን አየሁለት፣ ጉንፋን እንዳለበት ጠየቅኩት፣ አውሮፕላኑ ሲወርድ ምራቁን እንዴት እየዋጠ እንደሚቆይ አሳየሁት። ሊወጣ ሲል ዞር አለና «እርስዎስ ስንት ጊዜ በረሩ?» አለኝ። «አንድም ጊዜ» አልኩት። ሰውዬው ቅር አለው። ይሄኔ ሌላ የሚያምነው ሰው ሄዶ ጠይቆ ይሆናል።

እውነቴን ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ሰው ለአውሮፕላን ሳዘጋጅ፣ እኔ ራሴ ከአውቶብስ የተሻለ ነገር ተሳፍሬ አላውቅም። ዐረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ሴቶችን፣ ልጆቻቸው የጠሯቸውን አባቶች፣ ሐጅ የሚሄዱ ሽማግሌዎችን በየዓመቱ መርምሬ፣ መክሬ፣ አስፈርሜ ሸኝቻለሁ። የከሚሴ ሰው «የአውሮፕላን ሲስተር» የሚል ስም አውጥቶልኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር፤ በኋላ ግን ስሜ ከዲጃ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሲያጋጥመኝ ነው የሚገርመኝ።

ስለነዚያ መንገደኞች ለመጻፍ ሳስብ ብዙ የሚያስቅ ነገር ይመጣልኛል፤ እሱንም እጽፋለሁ። ከሁሉም መሐል ግን አንዲት ሴት አሉ። የእሳቸውን ነገር ሳልናገር ብቀር ሌላው ሁሉ ጉራ ይሆንብኛል።

መጀመሪያ የተመደብኩት ሰንበቴ ከተማ ነው። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ ነጭ ገዋኔን በካውያ ተኩሼ፣ ሁሉን የማውቅ መስሎኝ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ጋሼ እንድሪስ የሚባሉ የባቲ ተወላጅ ድሬሰር ነበር። ድሬሰር ማለት ለወጣቶቹ፣ በድሮው ጊዜ ቁስል ከማሰር ጀምሮ ሐኪም እስኪመጣ የሐኪሙን ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። እኔ በማዕረግ እበልጣቸዋለሁ፤ በዕውቀት ግን ጫፋቸውም ላይ አልደርስም። በገበያ ቀን ከቆላው ግመል ነድተው የሚመጡ አፋሮች፣ ከደጋው እህል ይዘው የሚወርዱ ገበሬዎች፣ የከተማው ነጋዴዎች በሩ ላይ ተደርድረው ሲጠብቁ ጋሼ እንድሪስ አይቸኩሉም ነበር። የወር ደሞዛችን ሲዘገይም አይቸኩሉም፤ በዚያኛው እኔ እቸኩል ነበር።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ «ምን ያምሃል?» ብለው አይጀምሩም። «ትላንትን ንገረኝ» ነው የሚሉት። በሽተኛው ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ጀምሮ እስከ ምርመራው ሰዓት ያደረገውን ሁሉ፣ የበላውን፣ የተኛበትን፣ የተጣላውን ሰው ጭምር እንዲነግራቸው ያደርጋሉ። አንድ የግመል ነጋዴ ራሱን ይዞ እየተጨነቀ መጣ። እኔ የወባ መድኃኒት ልሰጠው እጄን ወደ መደርደሪያው ሰደድኩ። ጋሼ እንድሪስ «ትላንትን ንገረኝ» አሉት። ሰውዬው ተረከ፤ ተረከ፤ መጨረሻ ላይ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድደው አምስት ሆነው ማደራቸው ወጣ። የቀሩት አራቱ ገበያ ላይ ተኝተው ነበር፤ ሄደን ሰበሰብናቸው።

ሁለተኛው ልማዳቸው፣ የማንንም ሰው ጫማ በገዛ እጃቸው ማውለቅ ነው። ኪሳቸው ውስጥ ቀይ ክር አይጠፋም። ከጉልበት በታች አንድ ስንዝር ለክተው ክሩን በቀኝ ባቱ ላይ ያዞራሉ፣ ቋጠሮ ያስራሉ፣ ያንኑ ክር ወደ ግራው ይወስዳሉ። አንዱ ባት ከሌላው በጣት ውፍረት ከበለጠ ያንን ሰው ለብዙ ጥያቄ ያስቀምጡታል። ከመጽሐፍ ያነበብኩትን፣ ብዙ የተኛ ወይም ብዙ የተቀመጠ ሰው እግር ውስጥ ደም እንደሚረጋ፣ ያ የረጋ ደም ተነስቶ ወደ ሳንባ ከሄደ እንደሚገድል፣ በእጄ ያስነኩኝ እሳቸው ናቸው። «አፉ ይዋሻል ልጄ፤ አፉ የሚያፍርበትን ነገር ደብቆ ነው የሚመጣው» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ወደ እግሩ ያመለክታሉ።

ወደ ከሚሴ ስዛወር ኃላፊያችን ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ ወደ ዐረብ አገር የሚሄደው ሰው በዝቶ ነበርና «ለመንገደኞች ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ይመደብ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ማንም አልፈለገውም። ስብሰባው ላይ ዘግይቼ ስለገባሁ ለእኔ ተሰጠኝ። ደሴ ለአጭር ሥልጠና ላኩኝና አንድ ጥራዝ ይዤ ተመለስኩ። ያንን ጥራዝ ሽፋኑ እስኪገነጠል አነበብኩት። በኋላ ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም ሲመጣ ሌሎች ጥናቶችን እየፈለግኩ ማንበብ ጀመርኩ፤ የማላውቀውን ቃል የሴት ልጄ መዝገበ ቃላት ላይ እየፈለግኩ።

ካነበብኩት ሁሉ በጣም የጠቀመኝ ስለ አየሩ የሚናገረው ነው። አውሮፕላን እጅግ ከፍ ብሎ ይበራል እንጂ ውስጡ ያለው አየር የዚያን ከፍታ ያህል የሳሳ አይደለም፤ በግፊት ይሞሉታል። ቢበዛ ቢሳሳ አዲስ አበባ ላይ እንደምንተነፍሰው አየር ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። አንድ ቀን ከጨፋ ሮቢት አስም ያለባቸው ገበሬ መጡ፤ ልጃቸው ጅዳ ጠርታቸዋለች፣ ጎረቤት ደግሞ «ሰማይ ላይ አየር የለም፣ ታፍነህ ነው የምትሞት» ብሎ አስፈራርቷቸዋል። «አዲስ አበባ ሄደው ያውቃሉ?» አልኳቸው። «ወንዱ ልጄ ዘንድ ሁለት ወር ተቀምጫለሁ።» «ደረጃ ሲወጡ ቁና ቁና ይተነፍሱ ነበር?» «ሦስተኛ ፎቅ ነው ቤቱ። ወጥቼ ወርጄ ሰልችቶኛል።» አየሩ እንደ አዲስ አበባው መሆኑን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ አውሮፕላን ማለት የሚበር አዲስ አበባ ነዋ!» አሉኝ። የሚነፉትን መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በኪሳቸው እንዲይዙ ቃል አስገብቼ ላክኋቸው። ሄደው፣ ልጃቸውን አይተው፣ በሰላም ተመለሱ።

ጆሮን፣ ፍርሃትን፣ የስኳር በሽተኛ መርፌውን በስንት ሰዓቱ እንደሚወጋ፣ ሁሉንም በዚህ ዓይነት ተማርኩ። የፍርሃቱ ነገር ደግሞ የሚያስቅ ነበር። ጥናቶቹ እንደሚሉት ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ድምፅ ስለሚሰማ ነውና ድምፁን አስቀድሞ ማወቅ ያረጋጋዋል። እኔ ደግሞ ድምፁን አላውቅም። ከኩዌት የተመለሰች አንዲት ልጅ አስቀመጥኩና ጎማው ሲታጠፍ ምን እንደሚል፣ ክንፉ ሲዘረጋ ምን እንደሚል አስተማረችኝ። ከዚያ በኋላ ለሚሄዱት ሴቶች በአፌ እየጮህኩ አሰማቸዋለሁ። ከጎን ያለው ክፍል ውስጥ የሚሠራው የላቦራቶሪ ባለሙያ ግድግዳውን እየደበደበ «ሲስተር፣ ደርሳችኋል ወይስ ገና ናችሁ?» ይለኝ ነበር።

ስለ እግር ደግሞ ለሁሉም አንድ ምክር ነበረኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ በየሰዓቱ ተነሱ፣ መሐል መንገዱ ላይ ተመላለሱ፣ ቁርጭምጭሚታችሁን አሽከርክሩ፣ ውሃ ጠጡ። ይህንን ለስንት ሰው እንዳልኩት አላውቅም። በእንቅልፌም እለዋለሁ ይላል ባለቤቴ። ልክ ነበርኩ፤ ግን ግማሹን ብቻ ነበር የያዝኩት።

እትዬ ዘሀራ ከሚሴ ገበያ ላይ እህል ይነግዱ ነበር። ድምፃቸው ከፍ ያለ፣ ሲስቁ ሰፈሩ የሚሰማቸው፣ ስድሳውን ያለፉ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞተ በኋላ አንዲት ልጃቸውን ሰዓዳን አሳድገው፣ ድረው፣ ሐጅ ለመሄድ ብዙ ዓመት ሲዘጋጁ ኖሩ። ተራቸው የደረሰ ዕለት ገበያው ውስጥ እየዞሩ ያልሳሙት ሰው አልነበረም።

ለምርመራ የመጡት ከቀትር በኋላ ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር። የጤና ወረቀቶቹ በዚያው ቀን መላክ ስለነበረባቸው ኃላፊዬ በየአሥር ደቂቃው ብቅ እያለ «ስንት ቀረሽ?» ይለኛል። እትዬ ዘሀራ ገብተው ተቀመጡና ሳልጠይቃቸው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን መፍታት ጀመሩ። ጫማ ሳላስወልቅ እንደማልመረምር ያውቃሉ። ሰዓቴን አየሁና «ይተዉት እትዬ፣ ዛሬ ጊዜ የለም» አልኳቸው። ቀና አሉ። ደም ግፊታቸውን ለካሁ፣ ሳንባቸውን አዳመጥኩ፣ ደህና ናቸው። «ትላንትን ንገሩኝ» አላልኳቸውም። ያመማቸው ነገር እንዳለ ጠየቅኳቸው፤ «አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። አልሐምዱሊላህ የሚል በሽተኛ ሕመሙን ውጦ አምላኩን እያመሰገነ እንደሆነ ከሰንበቴ ጀምሮ የማውቅ ሴት፣ እንደ ደህና መልስ ወስጄ ጻፍኩት።

«በይ አውሮፕላን ውስጥ ምን እንደማደርግ ንገሪኝ» አሉ። ነገርኳቸው። እንደ ተማሪ እየደገሙ ያዙት። ሲነሱ እጄን ይዘው «ከዲጃ፣ አፉ በይኝ» አሉኝ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ያስቀየመውን ሁሉ ይቅርታ ሳይጠይቅ አይወጣምና የተለመደ ነው። «አፉ ብያለሁ እትዬ። እርስዎም አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው። «አፉ ብያለሁ» አሉና እየሳቁ ወጡ።

ከሄዱ በአራተኛው ቀን ሞታቸው ተሰማ።

ሰዓዳ ቤት ድንኳን ተጥሎ ሰው ሞልቶ ነበር። ለቅሶውም እንደ ሌላው ለቅሶ አልነበረም። «ታድላ!» ይላል አንዱ። «መካ መቀበር ለማን ይሰጣል?» ይላል ሌላው። «ኢሕራም ላይ፣ በሐጁ ሥርዓት ውስጥ ሆና፣ ለበይክ፣ አቤት ጌታዬ እያለች!» እኔም ከሴቶቹ መሐል ተቀምጬ እንደነሱው «ታድላ» አልኩ። ከልቤም ነበር። በኋላ ሰዓዳ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለችና ቀስ ብላ «ሲስተር፣ ሐኪሞቹ ከእግሯ የተነሳ ደም ነው ሳንባዋን የዘጋው አሉ። ያ ግራ እግሯ ነው፤ አምና ወድቃ ብዙ ሳምንት ተኝታ ያበጠባት። እስካሁንም ሲመሽ ያብጥ ነበር» አለችኝ።

ግራ እግር። ያበጠ። ሊያወልቁት የነበረው ጫማ። ሰዓዳ ግን የነገረችኝ እንዳዝንላት ወይም ልትከሰኝ ብላ አልነበረም። ሐኪም ነክ ነገር ስለሆነ ለእኔ መንገር የሚገባት መስሏት ብቻ ነው።

በሳምንቱ ባቲ ሄድኩ። ጋሼ እንድሪስ ጡረታ ወጥተው በልጃቸው ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ገበያተኛውን ሲያዩ ነው የሚውሉት። ገና ሲያዩኝ «ማል ታቴ፣ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ፤ ምን ሆንሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። «አይዞሽ» ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላሉኝም።

«ጫማዋን አወለቅሽ?»

«አላወለቅኩም ጋሼ።»

«ቀኗን ጠየቅሽ?»

«የማንን ቀን? ሞተዋል እኮ።»

«የሞተ ሰውም ያሳለፈው ቀን አለው። አጠገቧ ተቀምጦ የሄደ ሰው የለም? እሱን ጠይቂ።» ጢማቸውን ዳሰሱ። «ልጅቷስ ታውቃለች?»

«የምታውቀው ቀደር፣ የአላህ ውሳኔ መሆኑን ነው።»

«ቀደር ነዋ። ጫማዋን አለማውለቅሽ ደግሞ ያንቺ ነው። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።» ከዚያ ምሳ አስቀረቡልኝ። እያለቀስኩ በላሁ፤ እሳቸውም እንዳላዩ ሆነው ስለ በሬ ዋጋ ሲያወሩ ቆዩ።

ሐጃጆቹ ሲመለሱ ሐጅያ ሩቂያ ቤት ሄድኩ። እሳቸው የእትዬ ዘሀራ ጎረቤት ናቸው፤ ከከሚሴ ጀምሮ አብረዋቸው ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የሄዱት። ቤታቸው ከመካ የመጣ የዘምዘም ውሃ በሚጠጣና ተምር በሚበላ እንግዳ ሞልቶ ነበር። እንግዳው እስኪወጣ ጠብቄ «ሐጅያ፣ ያንን ቀን ይንገሩኝ፤ ከቤት ከወጣችሁበት ጀምሮ፣ ምንም ሳይዘሉ» አልኳቸው።

«ሱብሂን ሰግደን ተሳፈርን» አሉ። «ዘሀራ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ሸዋ ሮቢት ላይ ሰው ሁሉ ወረደ፤ እሷ 'ለሶላት ታጥቤ ውዱዬን ይዣለሁ፣ የመንገድ ሽንት ቤት ገብቼ አላበላሸውም' አለች። ውሃ ስሰጣት ለኋላ ሰው ታሳልፋለች። ዝሁርና ዐስርን፣ የቀትሩንና የከሰዓቱን ሶላት፣ አንድ ላይ ለመስገድ አንዴ ወረደች፣ ሰግዳ ተመለሰች። እንቅልፍ እንኳ እንዳይወስዳት፣ ውዱእ ያበላሻል ብላ፣ መቁጠሪያ ተስቢዋን እየቆጠረች ቀጥ ብላ ነው የተቀመጠችው። አዲስ አበባም አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ያንን ሁሉ ሰዓት ስንጠብቅ ከወንበሯ አልተነሳችም።»

«አውሮፕላኑ ውስጥስ?»

ሐጅያ ሩቂያ ሳቁ። «እዚያማ ማን ይቻላታል! ሰዓት እየጠየቀች ትነሳለች። አስተናጋጇ ተቀመጪ ብትላት 'ሲስተር ከዲጃ ያዘዘችኝ ነው' ብላ አልፋት ሄደች። አንድ ብርጭቆ ውሃም ጠጣች፤ ሳትወድ ነው የጠጣችው፣ አንቺ ስላልሽ። ስንወርድ ጅዳ ላይ ደግሞ ብዙ ጠበቅን፣ ያው እንደገና ተቀመጠች። ከዚያ ወደ መካ ስንሄድ አውቶብሳችን ተለያየ። የኋላውን አላውቅም።»

ቤቴ እስክደርስ ያንን ቀን በጣቴ ቆጠርኩት። አውሮፕላኑ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ከቀኑ ሁሉ አጭሩ እሱ ነው። እትዬ ዘሀራ አንድ ሙሉ ቀንና ከዚያ በላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ የተናገርኩት ስለ ሦስቱ ሰዓት ብቻ ነው። ባዘዝኳቸው ቦታ፣ ባዘዝኳቸው መጠን፣ አንድም ሳያጓድሉ ታዘዙኝ። ወደ ጥናቶቹ ተመለስኩ። እዚያው ተጽፎ ነበር፤ ስንት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ። የእግር ደም የሚረጋው አውሮፕላን ስለሆነ አይደለም፤ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ የተቀመጠ ሰው አውቶብስም ውስጥ ይሁን መኪና ያው ነው። የውሃው ነገር ምን ያህል እንደሚያግዝ ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። እኔ ግን ክርክሩን አልጠበቅኩም፤ ውሃ የጠጣ ሰው ሽንት ቤት ለመሄድ ይነሳል፣ ሽንት ቤት ላለመሄድ የማይጠጣ ሰው አይነሳም። የእኛ ሰው ለምን እንደማይጠጣ ደግሞ የትኛውም ጥራዝ ላይ አልተጻፈም። እኔ ማወቅ ነበረብኝ። እኔም ውዱእ የማደርግ ሴት ነኝ፤ ደሴ ስሄድ እኔም ውሃ አልጠጣም ነበር።

ሰዓዳ ዘንድ ለመሄድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጫማውን፣ ሰልፉን፣ «ጊዜ የለም» ማለቴን፣ አውቶብሱን። እግራቸውን አይቼ ቢሆን መድኃኒት ይዘው፣ በየመንገዱ እየወረዱ ሊሄዱ ይችሉ እንደነበር ነገርኳት። ላይድኑም ይችሉ ነበር፤ እሱንም ነገርኳት። «አፉ በይኝ» አልኩ።

ሰዓዳ መለሰችልኝ። «ሲስተር፣ ሰው ሁሉ ታድላ ነው ያለኝ። እናትሽ ልትተርፍ ትችል ነበር ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን አልችልም» አለች። አልተቆጣችም። እስከ በር ሸኘችኝ፤ የደንቡን። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ስታየኝ መንገድ ትሻገር ጀመር። አልፈረድኩባትም፤ ግን ያመኝ ነበር፣ በጣም ያመኝ ነበር።

በተከታዩ ዓመት የሐጃጆች ምክር በትምህርት ቤት አዳራሽ ሲሰጥ አሠራሬን ቀየርኩ። የሁሉንም ጫማ አስወለቅኩ፤ ኃላፊዬ ቢጮህም ሁለት ቀን ወሰድኩበት። አንድ ሸህ ለምኜ አብረውኝ ቆሙና መንገደኛ ውሃ ካጣ በተየሙም፣ በንጹሕ አፈር ታብሶ መስገድ እንደሚችል፣ ጤናን መጠበቅም ዒባዳ፣ አምልኮ መሆኑን አስረዱ። እኔ ደግሞ «ጉዞው የሚጀምረው ከከሚሴ መናኸሪያ ነው» ብዬ ጀመርኩ። አውቶብሱ በቆመበት ሁሉ ውረዱ፣ ጠጡ፣ ተራመዱ። ለእያንዳንዱ ሰው መግቢያው ላይ አንድ ጠርሙስ ውሃ አድለን ነበር። ማንም አልከፈተውም።

ከፊት የተቀመጡ አባ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። «ሲስተር፣ ምክርሽ መልካም ነው። ግን ዘሀራ የሞተችውን ሞት ማን ይጠላል? እኔ ውዱዬን ይዤ፣ ኢሕራሜን ለብሼ፣ እዚያች አፈር ላይ ብወድቅ ምን ቀረብኝ?» አዳራሹ አጉረመረመ፤ በአድናቆት ነው። «አላሁ አክበር» ያለም አለ። ሸሁ ወደ እኔ አዩ፣ እኔም ወደ ሸሁ። እውነትም ይህን የሚፈልግ ሰው ስለ ደም ሥር ብትነግረው ምን ያደርግለታል?

ያኔ ከኋላ አንዲት ሴት ተነሳች። ሰዓዳ ናት። የዚያ ዓመት ሐጅ የሚሄዱትን አክስቷን ይዛ መምጣቷን አላየሁም ነበር።

«አባ ሰይድ» አለች። «እናቴ ካዕባን አላየችም።»

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ።

«ሰው ሁሉ ጠዋፍ አድርጋ፣ ካዕባን ዞራ፣ አይታ የሞተች ይመስለዋል። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። 'ታድላ' ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ያንን ላጣው አልፈለግኩም። የቡድኑ መሪ፣ አሚሩ፣ ደውሎ የነገረኝን ለማንም አልተናገርኩም። መካ ገብተው ከአውቶብሱ ስትወርድ ወደቀች። ሆስፒታል ወሰዷት። አሚሩ አጠገቧ ነበር። 'ስንት ይቀረናል?' ትለው ነበር አለኝ። ቅርብ ነው ይላታል። ትንሽ ቆይታ ደግሞ 'ስንት ይቀረናል?' እንዲሁ እያለች ነው ያለፈችው። ዕድሜዋን ሙሉ የቆጠበችለትን ነገር ጥቂት መንገድ ሲቀራት ነው ያጣችው፤ ውሃ ባለመጠጣትና ባለመነሳት።»

ከዚያ ወደ ሌሎቹም ዞረች። «ቢሻን ዱጋ» አለቻቸው በኦሮምኛ፣ ለልጅ እንደሚለመን። ውሃ ጠጡ ማለቷ ነው። እንደገና በአማርኛ ደገመችው፤ ተቀመጠች፤ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

እኔ መድረኩ ላይ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ፤ ሸሁ ጀርባቸውን ሰጡኝ እንዳያሳፍሩኝ። አባ ሰይድ ቀና ብለው «ልጄ፣ እኔ እንኳ ካዕባን ማየት ነው የምፈልገው» አሉ። የጠርሙሳቸውን ክዳን ለመክፈት እጃቸው አቃተው። ሰዓዳ ከኋላ ተነስታ በወንበሮቹ መሐል መጣች፣ ከፈተችላቸው፣ እስከ ግማሹ እስኪጠጡም አጠገባቸው ቆመች።